ጉሙ ሲገለጥ ትመጣለች

ባለፈው ወር ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ ስመለስ አውቶቡሳችን ሊነጋ ሲል ማርሳቢት ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን በርግዶ "ቻይ! ቻይ! ዳኪካ ኩሚ ቱ!" እያለ ለሻይ አሥር ደቂቃ ፈቀደልን። ሰዉ እየተንጠራራ ወረደ፤ እኔ ግን ካለሁበት አልተነሳሁም። በተከፈተው በር ጉም ገብቶ መተላለፊያው ላይ ቆመ፤ ከጉሙ ጋር ሽታው መጣ። የረጠበ ቅጠል፣ የበሰበሰ ግንድ፣ ከሥር ደግሞ ዝናብ ያገኘው ድርቆሽ የሚመስል ሽታ። ይሄኛው የዝሆን ፋንድያ ነው። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት "አመመሽ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "ኧረ ደህና ነኝ" አልኩ። ደህና አልነበርኩም። ስምንት ዓመቴ ላይ እናቴን ፍለጋ የገባሁበት ጫካ ነበር የሸተተኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ለማያውቁት ሰው በአሥር ደቂቃ የሚነገር አይደለም።

ያን ዓመት ከናይሮቢ የሚመጣው አስፋልት ገና አዲስ ነበር፤ ልጆች ጫማችንን አውልቀን ሙቀቱን በእግራችን እንለካበት ነበር። አባቴ በኬንያው ሞያሌ፣ ሄሉ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስድስት ክፍል ያላት አልጋ ቤት ነበረችው። የከብት መኪና ሹፌሮችና ከቦሪ፣ ከኡራን ፍየል ሊሸጡ የሚመጡ ሰዎች ያድሩባታል። የእኔ ሥራ ውሃ ነው። በአህያ ጋሪ የሚመጣውን ውሃ አባቴ በርሜል ውስጥ ያስገለብጣል፤ እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የፕላስቲክ ጆግ እየሞላሁ እንግዳ ባደረበት በር ሁሉ ላይ አንዳንድ አስቀምጣለሁ፤ ሰውየው ሲነሳ ፊቱን እንዲታጠብ። በሩን አላንኳኳም፣ አልናገርም። አስቀምጦ መሄድ ብቻ ነው። አባቴ "እንግዳ ውሃውን እንጂ ያመጣለትን ሰው ማየት የለበትም" ይል ነበር፤ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው።

እናቴ አስቴር ከኢትዮጵያ ምዕራብ፣ ጫካ ከበዛበት አገር ነበር የመጣችው። እንዴት ሞያሌ እንደደረሰች አላውቅም፤ ልጅ እናቱ ከየት መጣች ብሎ አይጨነቅም፣ የምትሄድም አይመስለው። ፀጉሬን ስትሠራኝ ስለ አገሯ ታወራለች። "እኛ አገር ዛፉ ጢም አለው፣ ሽበታም ጢም" ትለኛለች። "ጠዋት በር ስትከፍቺ ጉሙ ሳያንኳኳ ይገባል፣ እንደ ዘመድ። ቤታችሁ የት ነው ካልሽኝ ደግሞ፣ ሰፊውን መንገድ ይዘሽ ቁልቁል ነው። ታች ውሃ አለ፤ ከውሃው በላይ እኛ ነን።" ለእኔ ዛፍ ማለት ግራር፣ ውሃ ማለት የአህያ ጋሪ ስለነበረ የምትዋሸኝ ይመስለኝ ነበር። ግን ደስ የሚል ውሸት ነው። አንዳንዴ ማበጠሪያውን ፀጉሬ ውስጥ እንደሰካች ትረሳውና ዓይኗ ይርቃል። ያን ጊዜ ሳልነቃነቅ እጠብቃታለሁ።

ገና አካባቢ እናቴ ብርድ ልብሷን ይዛ ስድስት ቁጥር ገባች። ከአባቴ ጋር መጣላታቸውን አላወቅኩም። ስድስት ቁጥር ጥግ ላይ ያለ፣ ከመንገዱ አቧራ የራቀ ክፍል ስለሆነ እናቴ ጥሩውን ክፍል የመረጠች መሰለኝ፤ እንዲያውም ኮራሁባት። እንግዳ ሆናለች ብዬ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ጆግ አስቀምጥላት ጀመር። ለእሷ ሲሆን ደንቡን አፍርሼ አንኳኳለሁ።

"እንደምን አደሩ እመቤት!"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃው ዛሬም ቀዝቃዛ ነው እንዴ?" ትለኛለች ነገረኛ ደንበኛ መስላ። ከዚያ በሩን ከፍታ ታቅፈኛለች። አባቴ ግቢው ማዶ ቆሞ ያየናል። እሱ አይስቅም። ጨዋታው ያልገባው መስሎኝ ነበር።

የጥምቀት ማግስት ጆጉን ይዤ ስሄድ በሩ ክፍት ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። ጆጉን አስቀምጬ ወደ መንገዱ ወጣሁ። እናቴ ወደ ታች በሚወርደው አውቶቡስ ደረጃ ላይ ነበረች፤ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። አየችኝ። እጇን አነሳች፤ እኔም አነሳሁ። ዕቃ ልታመጣ ኢሲዮሎ የምትሄድ መሰለኝ፤ ከዚያ በፊትም ሄዳ ታውቃለች። አውቶቡሱ በአዲሱ አስፋልት ወደ ደቡብ እያነሰ እያነሰ ሄደ። እኔ ተመልሼ የሦስት ቁጥሩን እንግዳ ውሃ ቀዳሁ። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ። ቢያንስ መሮጥ ነበረብኝ።

ሦስት ቀን ጠብቄ አባቴን ጠየቅኩት።

"እማዬ የት ሄዳ ነው?"

የስድስት ቁጥርን በር እየቆለፈ ነበር። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው። "አገሯ" አለ።

"መቼ ትመጣለች?"

"አሁን እዚያ ጉም ነው፣ መንገድ አይታይም። ጉሙ ሲገለጥ ትመጣለች።"

አመንኩት። የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ያመነውን ነገር ዝም ብሎ አያስቀምጠውም፤ ይሠራበታል። እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እሁድ እሁድ ድንበሩን ተሻግረን ቤተ ክርስቲያን የምንሄድበት የኢትዮጵያው ሞያሌ የእናቴ አገር ሊሆን አይችልም፤ እዚያም እንደ እኛው አቧራና ፍየል ነው፣ ባጃጁ ብቻ ይበዛል። ጢም ያለው ዛፍ አንድም አላየሁም። እናቴ የሄደችው ደግሞ ወደ ደቡብ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የእናቴ አገር በአስፋልቱ ወደ ታች ሲሄዱ የሚገኝ ቦታ ነው አልኩ። ሞያሌ ካልሆነ የትም ያላደገ ልጅ ብቻ እንዲህ ሊሳሳት ይችላል። ለእኛ ኢትዮጵያ ማለት መንገዱን ስንሻገር ያለው ሰፈር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አገር መኖሩን ማን ነገረን?

ቤቱ ጭር አለ። አባቴ ዝም ያለ ሰው ነበር፤ ያኔ ግን ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ሬዲዮውን ከጠዋት ጀምሮ ከፍ አድርጎ ይከፍትና አይሰማውም። የጎረቤት ሴቶች አገጬን ይዘው "አይዞሽ" ይሉኛል፤ ምን እንደሆንኩ ስለማላውቅ ያናድደኛል። ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹ ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ እኔ ስደርስ ወሬ ይቀይራሉ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር እኔ ብቻ ሳላውቀው ነበር የምዞረው። ብቸኝነት የሚባለውን ነገር ስሙን ሳላውቅ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሆድ ሳይርበኝ ሆዴ ባዶ ይሆንብኛል፤ በልቼም አይሞላ።

ጆጉን ግን አልተውኩም። ስድስት ቁጥር ተቆልፎ፣ ውስጡ ማንም ሳይኖር፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው በሩ ላይ ውሃ አስቀምጣለሁ። በአውቶቡስ ሌሊት ከደረሰች ፊቷን በምን ትታጠባለች? አባቴ አንድም ቀን አልከለከለኝም። ማታ ላይ ጆጉን አንስቶ ውሃውን ወደ በርሜሉ ይመልሰዋል። የውሃ ነገር ሆኖበት ነው እል ነበር፤ ሞያሌ ውስጥ ውሃ አይደፋም።

ሹፌሮቹን መጠየቅ የጀመርኩትም ያኔ ነው። መጀመሪያ ሲሚንቶ የሚጭነውን፣ ቀጥሎ የበቆሎ ዱቄት የሚያመጣውን። "ጉም ያለበት አገር ታውቃለህ?" ይስቁብኛል። አንድ ጠዋት አብዲ የሚባለው የከብት መኪና ሹፌር ጥርሱን እየፋቀ ቆሞ ነበር።

"ጉም? ጉምማ ማርሳቢት ነዋ!" አለኝ። "ፓርኩ አጠገብ መብራት አብርተህ ነው የምትሄደው፣ በጠራራ ቀን። ዛፉ ራሱ እንደ ሼኪ ጢም አለው።"

"በአስፋልቱ ወደ ታች ነው?"

"ወደ የት ሊሆን ነው ታዲያ? ሦስት ሰዓት፣ ፖሊስ ካላቆመህ።"

እናቴ ያለችው ሦስት ሰዓት ርቀት ላይ ነው።

ስለዚህ መጋቢት መጨረሻ ላይ ከታች አገር የመጣችው አስተማሪያችን ቲቸር ሮዝ ክፍሉ ፊት ቆማ "ሦስተኛ ክፍል በሙሉ ማርሳቢት ፓርክ እንሄዳለን፤ ዝሆን እናያለን" ስትል ክፍሉ በጩኸት ሲናወጥ እኔ እጄን አወጣሁ። "ጉም ይኖራል?" አልኳት። በጣም ጎበዝ ተማሪ መሰልኳትና "ብዙ" አለችኝ እየሳቀች።

አባቴ የፈቃድ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

"ዝሆን ልታዪ ነው?"

"አዎ" አልኩ። ለአባቴ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው። ፈረመልኝ። በጉዞው ቀን ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦና የታሸገ ጁስ ጨመረልኝ፤ ከሥር እኔ የደበቅኩትን አላየም። እናቴ ስድስት ቁጥር በር ኋላ የረሳቻት ነጠላ ነበረች፤ አባቴ ክፍሉን ሳይቆልፈው ነበር ያወጣኋት። ያን ሁሉ ጊዜ አላጠብኳትም፤ የእናቴን የፀጉር ቅባት ትሸታለች። ጉም ባለበት ብርድ አለ፣ እናቴ ደግሞ ያለ ነጠላ ነው የሄደችው።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጁ ሁሉ ተጠራርቶ ተቀመጠ። እኔ አጠገብ የተረፈችው ሀቢባ ናት። ድሮ አብረን ነበር የምንጫወተው፤ ከጥምቀት ወዲህ ግን እናቷ ምን እንዳለቻት እንጃ እንጂ ትሸሸኝ ነበር። ሶሎሎን አልፈን፣ ቱርቢን አልፈን፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የተበተነበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ማንዳዚዋን ቆርሳ ሰጠችኝ።

"አንቺ ዝሆን ትፈሪያለሽ?" አለችኝ።

"እኔ ለዝሆን አይደለም የምሄደው። እናቴ እዚያ ናት።"

ማኘኳን አቆመች። "ሕይወት፣ እናትሽ እኮ..." ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። የቀረውን ማንዳዚ እንዳለ እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ምቀኝነት ነው ብዬ ነበር፤ የእሷ እናት ሁልጊዜ ቤት ናት፣ ሄዳ የምትጠይቃት እናት የላትም።

ከዚያ ተራራው መጣ። መጀመሪያ ጭስ መሰለኝ፤ ጫካው የተቃጠለ። ወዲያው መስኮቱ ነጭ ሆነ፣ ሹፌሩ መብራት አበራ፣ ብርዱ በስንጥቁ ገባ። የፓርኩን በር አልፈን ጫካው ውስጥ ስንገባ ዛፎቹን አየኋቸው። ጢም ነበራቸው። ሽበታም፣ ረጅም፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጢም። እናቴ አልዋሸችኝም። ልጁ ሁሉ "ዝሆን የታል? ዝሆን የታል?" እያለ ሲጮህ እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ አንድ ቃል ከወጣኝ ማልቀሴ ነው።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አውቶቡሳችን ላይ ተሳፍረው ነበር። ሙዜ ጉዮ አሏቸው፤ አባት ጉዮ እንደማለት ነው። አረንጓዴ ካፖርት ለብሰዋል፣ ረጅም ዱላ ይዘዋል። በቦረና ቋንቋ ለልጁ ሁሉ ነገሩ፤ ከመኪና ያለ እኔ አይወረድም፣ ከወረዱም ከቲቸር አይራቅም። እኔ አልሰማሁም። በመስኮት ሰፊውን መንገድ እየፈለግኩ ነበር።

ምሳ የምንበላበት ገላጣ ቦታ ላይ ወረድን። ቲቸር ሮዝ ቆጠረችን። ከገላጣው ወደ ጫካው የሚገባ መንገድ አለ፤ ሰፊ፣ የተደለደለ፣ ሣር የማይበቅልበት፣ ብዙ እግር ያመላለሰበት መንገድ። ቁልቁል ይወርዳል። ሰፊውን መንገድ ይዘሽ ቁልቁል ነው፣ ታች ውሃ አለ። ልጆቹ ዳቦና ጭማቂ ሲቀማሙ ነጠላዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ በጉሙ ውስጥ ገባሁ። አሥር እርምጃ ስሄድ ጩኸታቸው ጠፋ።

የዚያን መንገድ እያንዳንዱን ነገር አስታውሳለሁ፤ ሁሉንም ደግሞ ተሳስቼ ነበር ያነበብኩት። አንድ ትልቅ ዛፍ ከእኔ ቁመት በላይ ድረስ በጭቃ ተለስኗል፤ ሰው ቤት ሊሠራ ግድግዳውን የጀመረ መሰለኝ። ትንሽ ወረድ ብሎ መሬት ላይ የሚጨስ ክምር አየሁ፤ እዚህ ቅርብ ሰው እሳት አጥፍቶ መሄዱ ነው አልኩ። እጄን ዘረጋሁ፣ ይሞቃል። ቅርንጫፍ ተሰብሮ መንገድ ዳር ወድቋል፤ ማገዶ ለቅመው ነው። ቀረብኩ፣ ቀርቤያለሁ፣ ከዚህ ቀጥሎ ቤት ነው።

"እማዬ!" አልኩ። ጉሙ ድምፄን ዋጠው። "እማዬ! እኔ ነኝ!" ነጠላዋን ከፍ አድርጌ ያዝኳት፣ በሩቅ ታውቃት እንደሆነ። ውሃ ከቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ሌላ ምንም የለም። እንደዚያ ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ከአልጋ ቤቱም፣ ከሰፈሩም፣ ከአባቴ ሬዲዮም የከፋ ብቻነት ነበር፤ ምክንያቱም ቦታው ትክክል ነው፣ እሷ ግን አትመልስም።

ከኋላዬ ሰው አንድ መዝሙር የመሰለ ነገር እያንጎራጎረ መጣ። ሙዜ ጉዮ ናቸው። አልሮጡም፣ አልተቆጡም። አጠገቤ ደርሰው ቆሙና ጫማዬን በዱላቸው ጫፍ አመለከቱ።

"የጫማ ኮቴ ተከተልኩ" አሉ በአማርኛ። በወጣትነታቸው ከብት እየነዱ ድንበር ሲሻገሩ የተማሩት አማርኛ ነበር፤ ሴትና ወንድ አይለይም። "አንተ ወዴት ነህ?"

"እናቴ ጋ። ቤታቸው በዚህ መንገድ ነው።"

መንገዱን ቁልቁል አዩት፣ የተለሰነውን ዛፍ አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ይሄ መንገድ የሰው አይደለም ልጄ። የዝሆን ነው። አባቱ ሄደበት፣ አያቱ ሄደበት። ያ ዛፍ ላይ ጭቃውን ይታከካል። ይሄ የሚጨሰው..." አሉና በዱላቸው ነኩት፤ መጨረስ አላስፈለጋቸውም። ሽታው ነገረኝ።

ማልቀስ ስጀምር እጃቸውን አነሱ። "ማልቀስ ይቻላል። ዝም ማለት ግን አይቻልም። እዚህ ጎሽ አለ። ጎሽ ሰው መምጣቱን ካልሰማ ይደነግጣል፣ ከደነገጠ ይወጋል። እኛ ስንሄድ እያወራን ነው የምንሄደው። ና፣ ኢንሶዳቲን፣ አትፍራ። ጮክ ብለህ ተናገር።"

"ምን ልናገር?"

"ያለህን።"

በስዋሂሊ ከአንድ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አለቀብኝ። "ቀጥል" አሉ ከፊቴ እየሄዱ። የክፍል ልጆችን ስም በሙሉ ጠራሁ። "ቀጥል።" ሌላ ሲጠፋኝ የአባቴን ክፍሎች ጀመርኩ። አንድ ቁጥር የሲሚንቶ ሹፌር፣ ሁለት ቁጥር የኡራን ሰዎች፣ ሦስት ቁጥር በሩ ይንቋቋል፣ አራት ቁጥር መስታወት አለው፣ አምስት ቁጥር ያፈሳል። ስድስት ቁጥር ላይ ቆምኩ።

"ስድስትስ?" አሉ ሳይዞሩ። "ጎሹ እየሰማህ ነው።"

ተናገርኩ። ጮክ ብዬ፣ በዚያ ጫካ ውስጥ፣ ለጎሽ። እናቴ ስድስት ቁጥር እንደገባች፣ ጆግ እንዳስቀመጥኩላት፣ አውቶቡሱ ላይ እጇን እንዳነሳች፣ እንዳልሮጥኩ፣ ነጠላዋን እንደረሳች፣ አባቴ እንደማያወራኝ፣ ልጆቹ እንደሚሸሹኝ። ከጥምቀት ጀምሮ ለማንም ያላልኩትን ሁሉ አልኩ። "አባቴ ጉሙ ሲገለጥ ትመጣለች ብሏል!" ብዬ ጨረስኩ።

ሙዜ ጉዮ ቆሙ።

"ጉሙ ሲገለጥ?"

"አዎ። ስለዚህ እስኪገለጥ ነው የምጠብቀው።"

"ልጄ" አሉ፣ ረጋ ብለው። "እዚህ ሃያ ዓመት ሠራሁ። ጉም በየቀኑ ይገለጣል።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ። ጠዋት ይመጣል፣ ቀትር ላይ የለም። ና እይ።"

ከመንገዱ ወጣ ብለን አንድ ቋጥኝ ላይ ቆምን። "አሁን ዝም" አሉ በሹክሹክታ። ከእግራችን በታች እንደ ድስት የጎደጎደ ነገር አለ፤ ጎፍ ይሉታል። ጉሙ ከውስጡ እየተነሳ፣ እየተቀደደ፣ በዛፎቹ ጢም ላይ እየተንጠለጠለ ወጣ። ታች ውሃ ታየ። ልክ እንዳለችው፣ ታች ውሃ አለ። ከውሃው በላይ ግን ቤት የለም። ሣር ነው። ሣሩ ላይ ዝሆኖች ነበሩ፤ ዘጠኝ ወይም አሥር፣ በጭቃ የቀሉ። አንዲት ግልገል ወደ ውሃው ስትሮጥ እናቷ በኩምቢዋ ጅራቷን ይዛ መለሰቻት። ሌላው ልጅ ሁሉ ሊያየው የመጣውን ነገር እኔ ብቻ አየሁት። ደስ አላለኝም። በዚያች ግልገል ቀናሁ፣ ያውም ክፉኛ።

ፀሐይ ወጣች፣ ጎፉ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ታየ። አንድም ጎጆ፣ አንድም ጭስ፣ አንድም ሴት አልነበረም። ሙዜ ጉዮ ነጠላዋን ከእጄ ወስደው ትከሻዬ ላይ አጣፉልኝ። መብረዴን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ቲቸር ሮዝ ስታየኝ ተቀምጣ አለቀሰች። አልተቆጣችኝም። ሀቢባ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይዛልኝ ነበር፤ እስከ ሞያሌ ድረስ ምንም አላለችኝም፣ እጄን ግን አልለቀቀችም። ቱርቢ ላይ "አንቺ ታውቂ ነበር?" አልኳት። በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። "እናቴ ከነገርሻት እገርፍሻለሁ ብላኝ ነው" አለች። ስትሸሸኝ የነበረው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። ቲቸር ሮዝ ለአባቴ ስልክ ደውላለት ነበርና መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ክንዴን ጨምድዶ ይዞ ግቢ አስገባኝ። "ጎሽ ቢወጋሽስ?" ይላል። "ምን ልሆን ነበር? እ? እኔ ምን ልሆን ነበር?" ደጋግሞ ይሄንኑ ይላል። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለችውን ነጠላ አያት። ክንዴን ለቀቀው።

"አባዬ" አልኩት። "ጉሙ በየቀኑ ነው የሚገለጠው።"

ስድስት ቁጥር ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ያስቀመጥኩት ጆግ አጠገቡ ነበር፣ እንደሞላ። እንደ ልማዱ ዝም አለ። እኔ ግን ያን ቀን ዝምታን መፍራት ተምሬ መጥቼ ነበር።

"ተናገር" አልኩት። "ጮክ ብለህ። ዝም ማለት አይቻልም።"

"ናይሮቢ ናት" አለ በመጨረሻ። "አገሯ አልሄደችም። ከእኔ ጋር መኖር መሯት ነው የሄደችው።" ጆጉን በእጁ ገፋ አደረገው፣ መልሶ ሳበው። "ልውሰዳት ብላ ነበር። አንቺን። ለምናኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ብቻዬን ምን እሆናለሁ ብዬ።"

"ትመጣለች?"

"አትመጣም።"

አላለቀስኩም። እንባዬን ጫካው ውስጥ ጨርሼው ነበር። ተናድጄበታለሁ፣ በጣም ተናድጄበታለሁ፣ ግን ደግሞ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ትልቅ ሰው፣ የተቆለፈ በር ላይ ተደግፎ። ነጠላዋን አውልቄ አጠገቡ አስቀመጥኩና ገብቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ተነስቼ ውሃ ቀዳሁ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ስድስት ቁጥርን አለፍኩት። ባዶውን ጆግ ግድግዳው ሥር ደፍቼ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። ቦርሳዬን ይዤ ስመለስ የደፋሁት ጆግ ቦታው ላይ የለም። አባቴ በርሜሉ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፣ እጁ እስከ ክርኑ ረጥቧል። ጆጉ እስከ አፉ ተሞልቶ ስድስት ቁጥር በር ላይ ተቀምጧል።